መንገዱ ጠፋብኝ ያልኩበት ቀን

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ላለፉት ሦስት እሑዶች ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ልነሣ ልነሣ እያልኩ መልሼ ስቀመጥ ያያችሁኝ አላችሁ። ዛሬም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ የተቀበልኩት ምሕረት ይከሰኛል። ስለዚህ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁና ታገሡኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ረጅም ካላወራሁ ያስተማርኩ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ብለውኛል። ስልኬን እዚህ አትሮኖሱ ላይ ላስቀምጠው።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ አሶሳ፣ መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ የአማርኛ ሰዋስው አስተምራለሁ። የተወለድኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ የአጥቢያችን ሽማግሌ ነው። እናቴ ከልጅነቷ እስከ ሽበቷ በመዘምራን መካከል የቆመች ሴት ነበረች። ከእኔ በቀር ልጅ የላቸውም። በጸሎት ቤት ወለል ላይ ድክ ድክ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እምነትን ግን ከወላጆቼ እንደ ተዋስኩት ልብስ ለብሼው ኖርኩ እንጂ የራሴ አላደረግሁትም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ እናቴ ታመመች። ቤተ ክርስቲያን ጾመች፤ ጸለየች። በእርግጥ ትድናለች ብለው የነገሩኝ ነበሩ፤ እኔም አመንኳቸው። እናቴ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈች። በቀብሯ ላይ አባቴ ተነሥቶ፣ ጌታ ታማኝ ነው ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነ። ያ ምስጋና ለእኔ እንደ ስድብ ተሰማኝ። ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደ ተቀመጠ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ አባቴን እንዲህ አልኩት፦

«የእናንተ እግዚአብሔር ጠፋብኝ። ካገኛችሁት ንገሩኝ።»

አባቴ አልተቆጣም። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ስፈልግ፣ ከቀረቡልኝ ቦታዎች ሁሉ ከሆሳዕና እጅግ የሚርቀውን መርጬ አሶሳ ገባሁ።

ወገኖቼ፣ ያቺን ቃል ልብ በሉልኝ። «ጠፋብኝ» ነው ያልኩት። ቁልፋችንን የሆነ ቦታ ጥለን ስንመጣ፣ ቁልፉ ጠፋብኝ እንላለን። ጥፋቱን የሠራው ቁልፉ ነው፤ እኛ ጥፋቱ የደረሰብን ምስኪኖች ነን። ይህን ግስ በሰሌዳ ላይ ዘርዝሬ ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ! ለራሴ ግን አንድም ቀን አላስረዳሁትም።

እንዲህ እያልኩ አምስት ዓመት ኖርኩ። ፍልስፍና አነበብኩ፤ ታሪክ አነበብኩ፤ ልብ ወለድ አነበብኩ። መጻሕፍቱ ጥሩ ጓደኞች ነበሩ፤ ሲከድኗቸው ግን እነርሱም ዝም ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ወደዚህ ጉባኤ መጥቼ ነበር። የመጣሁት ለማምለክ አልነበረም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ አንድ ወንድም በዚህ መድረክ ላይ እየጸለየ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንቺ መልካም ነህ» ሲል ሰማሁና ደብተሬን አወጣሁ። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሜን ስትሉ እኔ የጾታ ስሕተት እለቅም ነበር። ያ ወንድም ዛሬ ከፊቴ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ስጠይቀው፣ ደብተሩን አምጣው፣ ቢያንስ እኔ ልማርበት ብሎ ሳቀብኝ። ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ።

አባቴ እሑድ እሑድ ከአምልኮ ሲወጣ ይደውልልኝ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። አላነሣም። አምስት ዓመት ሙሉ ሳይሰለች ደወለ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሳልሰለች ዝም አልኩ። ባለፈው መስከረም ግን ጥሪው ቆመ። አንድ እሑድ አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ ወሩ አለቀ። እኔም አልደወልኩም። ብደውል ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? «አባትህ» ብሎ ጀምሮ ቢያቆምስ? የባሰ ነገር ቢኖር ያረዱኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ደግሞ መልሼ፣ ቁጥሬን ከአባቴ በቀር ማን ያውቀዋል እላለሁ።

ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ጠመኔ ስይዝ ይሰበርብኛል። የተማሪ ወረቀት ሳርም ፊደሉ ይንሻፈፋል። ሻይ በሁለት እጅ መያዝ ጀመርኩ። እንቅልፍም እህልም ራቁኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፤ ደሜን አየ፣ ልቤን አዳመጠ፣ ወደ ሌላ ባለሙያም ላከኝ። በመጨረሻ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀና፣ «መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ በሽታው ጠፋብኝ» አለኝ። ከዚያም መድኃኒት ከሚያዝልኝ ይልቅ ሥራዬን ትቼ ጥቂት ቀን አየር ብለውጥ እንደሚሻል መከረኝ።

በኮሌጁ ታምሩ የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ። ፓዌ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከሰፈራው ዘመን ጀምሮ እዚያ ያረሱ፣ ነገርን ሁሉ በቀልድ የሚያልፍ ሰው ነው። የሐኪሙን ምክር ስነግረው ሞተር ብስክሌቱን እንድወስድ ሰጠኝ። ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ብቻህን ንዳ፣ ንፋሱ ራስህን ያጸዳዋል አለኝ። ቁልፉን እየሰጠኝም፣ ሞተሩ ከተበላሸ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አስምርበትና ተመለስ ብሎ አሾፈብኝ።

የካቲት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ውኃና ዳቦ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ስንቶቻችሁ ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ! በጠዋቱ ደስ ይላል። በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አለፉኝ። የማንጎው ዛፎች ጥላ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ልቤ ቀለለኝ፤ ግን የሞተሩ ድምፅ ሐሳብን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ይልቁንም ባዶ በሆነው መንገድ ላይ የአባቴ ነገር አብሮኝ ይጋልብ ጀመር። እንዲያመልጠኝ ብዬ ዋናውን መንገድ ትቼ፣ በቀርከሃው መካከል ወደሚገባ ቀጭን መንገድ ታጠፍኩ።

በዚያ ወራት ገበሬው ሣሩን እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። ቀርከሃውን ጨርሼ ስወጣ ከፊቴ ያለው ሜዳ በሙሉ ከሰል ሆኖ ጠበቀኝ። እሳቱ ያለፈው በቅርቡ ነበር፤ ንፋሱም አመዱን እያነሣ በሁሉ ላይ ይበትናል። ስከተለው የነበረው መንገድ እዚያ ጥቁረት ውስጥ ገብቶ አለቀ። ወደ ፊት ነዳሁ፤ ወደ ቀኝ ነዳሁ። በኋላ ለመመለስ ፈለግሁ፤ የመጣሁበትንም አጣሁት። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆመች። ውኃዬ አለቀ። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። በመጨረሻ በአመዱ ላይ የጎማ ዱካ አይቼ ሰው አለ ብዬ ተደሰትኩ፤ ተከተልኩትም። ጥቂት ሄጄ ነው የገባኝ፤ ዱካው የእኔው ነበር። ወገኖቼ፣ የራሴን ዱካ ስከተል ነበር የዋልኩት!

ሞተሩን አጠፋሁና ኮርቻው ላይ እንደ ተቀመጥኩ ቀረሁ። የራስ ቁሬን አውልቄ ጮክ ብዬ፣ መንገዱ ጠፋብኝ አልኩ። ማንም አልነበረም የሚሰማኝ፤ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከቀርከሃው በኩል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የተቆረጠ ቀርከሃ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል። በኋላ ስማቸው ሐሚድ እንደሆነ ነገሩኝ፤ የበርታ ሰው ናቸው። በእስልምና ሰላምታ ሰላም ካሉኝ በኋላ ከየት እንደመጣሁ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ።

«አባቴ፣ መንገዱ ጠፋብኝ» አልኳቸው።

ቀርከሃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩ። ሞተሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ሜዳውን አዩት።

«መንገድ ጠፋ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«መንገድ የት ሄደ? እግር አለው?»

 ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገድ አልጠፋም» አሉ። «መንገድ እዚህ አለ። አባቴ በዚህ ሄደ፤ የአባቴ አባት በዚህ ሄደ። አንተ ነው የጠፋ።»

ቅዱሳን፣ አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፤ ለጌታ ክብር ግን እናገረዋለሁ። ከንፈሬ በጥማት ተሰነጣጥቋል፣ ከሞት ጋር የተፋጠጥኩ መስሎኛል፣ ከአመድ መካከል የሚያወጣኝ ብቸኛ ሰው ፊቴ ቆሟል። እኔ ግን አባት የሚያህሉትን ሰው አረምኳቸው! ልማድ ክፉ ነው። አፌ ሳላዝዘው ተከፈተና፣ «'አንተ ነህ የጠፋኸው' ነው የሚባለው» አልኳቸው።

ሽማግሌው አልተቀየሙም። እንዲያውም ትምህርት የሚወዱ ሰው ናቸው። ጣታቸውን ወደ ደረቴ ቀስረው፣ ቃል በቃል፣ አንዲትም ፊደል ሳይሳሳቱ ደገሙልኝ፦

«አንተ ነህ የጠፋኸው። አሁን ልክ ነው?»

ጌታዬ ሆይ! ስሙ ይባረክ! እኔ ራሴ ባረምኩት ዓረፍተ ነገር ያዘኝ! በዚያ ድንኳን ውስጥ አባቴን ያልኩት በጆሮዬ መጣ። እግዚአብሔር ጠፋብኝ ብዬ ነበር። ሰበብ አድርጌ የያዝኩት ያቺ አንዲት ፊደል፣ የ«ጠፋብኝ» «ብ»፣ ከእጄ ወደቀች። አምስት ዓመት ሙሉ ጠፋ ያልኩት እርሱ አልጠፋም ነበር። አባቴም አልጠፋም፤ ይደውል ነበር። የጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ ነው። አስተማሪ ነኝና ትክክለኛውን መልስ ትክክል ነው ማለት ግዴታዬ ነው።

«ልክ ነው» አልኳቸው። «ልክ ነው፣ አባቴ። እኔ ነኝ የጠፋሁት።»

እንባዬ ሲወርድ አዩና በጥማት መሰላቸው። የያዙትን ቅል ውኃ ሰጥተው፣ አታልቅስ፣ ሩቅ አይደለም አሉኝ። ከዚያም ከሞተሩ እንድወርድ በእጃቸው አመለከቱኝ። «ከላይ አይታይም» አሉ። «ቁጭ በል። እይ።» ቁጭ ልል ስል ተንበረከክኩ። ሁለት መዳፎቼን አመዱ ላይ አሳረፍኩና ፊቴን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁ።

መንገዱ ነበረ! ከተቃጠለው የሣር ጉቶ መካከል፣ ቀጭን፣ ገርጣ ያለ መስመር ተዘርግቶ ይታያል። ንፋሱ አመድ ነስንሶበታል፤ ሆኖም አልጠቆረም። ሽማግሌው ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ «ሰው የሚረግጠው ሣር የለም። ሣር የለም፣ እሳት የለም» አሉ። ስንት ሰው የረገጠው መንገድ የሚቃጠል ነገር የለውም፣ ወገኖቼ። የሞተሬን ዱካም አየሁት፤ ያንን መንገድ ሦስት ጊዜ አቋርጦታል። ሦስት ጊዜ በላዩ አልፌ፣ ከፍ ብዬ ስለ ተቀመጥኩ አላየሁትም። ሃሌሉያ! የእናቴ ዝማሬ፣ የአባቴ ጸሎት፣ የዚያ ወንድም የተሰባበረ ልመና፣ ሁሉም ያንን መንገድ የረገጡ እግሮች ነበሩ። እኔ በላያቸው ደብተር ይዤ አልፌ ነበር።

በጉልበቴ እንዳለሁ ጸለይኩ። ሰዋስው ያልነበረው ጸሎት ነው። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ጠፍቻለሁ፣ ፈልገኝ፤ መንገዱ አንተ ነህ፣ መልሰኝ አልኩ። ከዚህ ሌላ ያልኩትን አላስታውስም፤ ከተናገርኩትም ግማሹ አልተሰካካም ነበር። ሰማይ ግን አላረመኝም፤ ተቀበለኝ እንጂ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እውነቱ እንዳይዛባ አንድ ነገር ልጨምር። አቶ ሐሚድ ወንጌል አልሰበኩልኝም። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የነገሩኝም ስለ መንገድ ብቻ ነው። ያላሉትን በአፋቸው አላኖርም። ጌታዬ ግን ማንን ልኮ በምን ቋንቋ እንደሚፈልገን አይመርጥም። ቀርከሃቸውን ትተው አብረውኝ ሄዱ፤ እኔም ሞተሩን እየገፋሁ ተከተልኳቸው። አንድ ጉብታ ላይ ካለ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሲደርሱ ቆሙ። የሠፈሩ ሰው ስልክ ለመደወል የሚወጣው እዚያ ነው። መንጌ የምትደርሰው በዚያ ነው ብለው አሳዩኝና፣ ስልኬን በዓይናቸው አመለከቱ። ማን እንደሚጠብቀኝ አልነገርኳቸውም ነበር። የጠፋ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሰው አለው ብለው ይሆናል።

የአባቴን ቁጥር ነካሁ። የአመድ አሻራዬ በስልኩ መስታወት ላይ ታተመ። ያኔ ነው እጄን ያየሁት፤ አይንቀጠቀጥም! ስልኩ ጠራ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠራና ተነሣ።  ሌላ ሰው ይሆን?

«ልጄ» አለኝ። «ጠፋህ እኮ!»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ቃል ሁላችን በየቀኑ እንባባለዋለን። ሳንገናኝ ከሰነበትን ጠፋህ፣ ጠፋሽ እንላለን፤ ሰላምታ ነው። ለእኔ ግን በዚያች ሰዓት አባቴም፣ የሰማዩም አባቴ በአንድ ድምፅ የተናገሩኝ መሰለኝ። «አዎ፣ አባዬ፣ ጠፍቼ ነበር» አልኩት እያለቀስኩ።

ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ለምን መደወል እንዳቆመ ስጠይቀው፣ በዕረፍትህ ቀን አስቸገርኩህ ብዬ ተውኩ አለኝ። ስልኩን ግን ከኪሱ አልለየውም ነበር። ቀጥሎ የተናገረው ነው ልቤን የሰበረው። በየእሑዱ ምእመናን፣ ልጅህስ፣ ይደውልልሃል ወይ ብለው ሲጠይቁት የሚመልስላቸው አንድ መልስ ነበረው።

«አሶሳ ሩቅ ነው፣ መስመሩ ይጠፋበታል እላቸዋለሁ።»

አምስት ዓመት ሙሉ ያመካኘልኝ በመስመር ነው! እኔ በሰው ፊት አዋርጄው እርሱ በሰው ፊት ሸፈነኝ።

«አባዬ፣ መስመሩ አልጠፋም ነበር» አልኩት። «እኔ ነኝ የጠፋሁት። የእናንተ ብዬህ የነበረው እግዚአብሔር ዛሬ አገኘኝ።»

 አባቴም በእናቴ ቀብር ላይ ባመሰገነበት በዚያው ድምፅ፣ ጌታ ታማኝ ነው አለ። ያን ዕለት እንደ ስድብ የሰማሁት ቃል ነበር፤ አሁን አሜን አልኩበት። አቶ ሐሚድም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከዛፉ ሥር ሆነው ፈገግ ይሉ ነበር።

እናቴ ለምን እንዳልዳነች ዛሬም አላውቅም። ይህን እንዲገባኝ የጠየቅኩ ጊዜ መልስ አልመጣልኝም፤ ሰላም ግን መጣልኝ። እጄም ከዚያን ቀን ወዲህ ጸንቷል። እነሆ፣ እዩት! ሰኞ ዕለት በሰሌዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩ፤ ጠመኔው አልተሰበረም። እህል ይጣፍጠኛል፤ እንቅልፌም ተመልሷል። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ እጄን ዘርግቼ ሳሳየው አገላበጠና ምን ወስደህ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ታሪኩን ነገርኩት። ሳቀና፣ ይኼማ በእኛ መደርደሪያ ላይ የለም አለኝ። ታምሩም ሞተሩን አመድ በአመድ ሆኖ ሲያየው ስሕተቱን አገኘኸው ወይ አለኝ። አገኘሁት፣ ነጂው ላይ ነበር አልኩት። ባለፈው ቅዳሜም በዚያው መንገድ ሄጄ አቶ ሐሚድን አመሰገንኳቸው። እኔን እንዳዩኝ ገና ከሩቅ፣ «አልጠፋህም!» አሉኝ፤ ግሱን ልክ አድርገው። እኔም ከእርሳቸው የበርታን ሰላምታ መማር ጀምሬአለሁ። ስሳሳት ይስቃሉ እንጂ ደብተር አያወጡም።

አሁን አንተ ከኋላ የተቀመጥህ ወንድም፣ አንቺም እህቴ፣ እግዚአብሔር ጠፋብኝ እያልሽ የመጣሽ፣ ያቺን አንዲት ፊደል ዛሬ ጣሏት። ከተቀመጣችሁበት ከፍታ ውረዱ። እውቀት ይሁን፣ ቁጣ ይሁን፣ ሐዘን ይሁን፣ ከዚያ ላይ ሆናችሁ አይታያችሁም። በጉልበታችሁ ሁኑ። እሳት ያለፈበት ሕይወት ቢሆንም እንኳ መንገዱ አልተቃጠለም። ጌታን እመኑት፤ ያገኛችኋል።

አሥራ አምስት ደቂቃዬ አልቋል። ይህን ስልክ ሰዓት የማይበት መስሏችሁ ይሆናል። ከመነሣቴ በፊት ነው የደወልኩት። አባቴና የሆሳዕና ምእመናን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አብረውን ይሰማሉ። ጸሎቱን እርሱ ይዝጋልን። ማይኩን ወደ ስልኩ አቀርባለሁ።

አባዬ፣ መስመሩ አለ። እኔም አለሁ። ጸልይልን።